ያልተገለበጠው ሳጥን

ገበሬዎቹ «ገልባጭ» ነው የሚሏት። ፊት ለፊቷ አይደለም፤ ፊት ለፊቷማ «እትዬ» ናት፣ ነገር ሲከር ደግሞ «ኃላፊዋ»። ዘወር ስትል ግን ገልባጭ ናት። የማዕከሉ ሚዛነኛ እንደሚለው ከገልባጭ መኪና የምትለየው ናፍጣ ባለመጠጣቷ ብቻ ነው። ስሙን ያወጣላት ሥራዋ ነው። የምርት ማሰባሰቢያው ማዕከል በር ላይ ረጅም የብረት ጠረጴዛ አለ፤ ማንም ገበሬ ይዞት የመጣው ሳጥን፣ ድንች ይሁን ካሮት ይሁን ሽንኩርት፣ መጀመሪያ እዚያ ላይ ይገለበጣል። ላይ ላዩን የተደረደረው ቆንጆ ቆንጆ ከታች ይውላል፣ ከታች የተደበቀው ጉድ ከላይ ይወጣል። ሚዛንና ጆንያ፣ ጆንያና መኪና የሚገናኙት ከዚያ በኋላ ነው።

ይህን አመሏን ያመጣችው ከሆቴል ነው። በወጣትነቷ የአንድ ትልቅ ሆቴል አትክልት ተረካቢ ነበረች፤ ነጋዴው ከላይ ሙሽራ የመሰለ ቲማቲም ደርድሮ ከሥር የፈረጠውን ሲያስታቅፋት፣ ከወጥ ቤት የሚወርደው ቁጣ የሚያርፈው እሷ ላይ ነበር። ነጋዴው በበኩሉ «ገበሬው ነው እንዲህ አድርጎ የሸጠልኝ» ይላል። ገበሬው ማን እንደሆነና የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። አንድ ቀን የፈረጠ ቲማቲም በእጇ እንደያዘች «የማላውቀውን ሰው ስሰድብ ልኖር ነው?» አለችና ሥራዋን ለቅቃ ወደ ተወለደችበት አካባቢ ተመለሰች። ዘመድ አዝማድ «ለየላት» አለ። እሷ ግን ጣሪያው የሚያፈስ አሮጌ የጥጥ መጋዘን ተከራይታ፣ ከፊሉን ከልላ ቀዝቃዛ ክፍል አሠራች፤ ገበሬውን ከትምህርት ቤቱ፣ ከሆቴሉና ከሆስፒታሉ ወጥ ቤት ጋር ያለ ደላላ አገናኘች። ከዚያ ቀዝቃዛ ክፍል ስትገባ ስትወጣ ስለሚያስነጥሳት፣ ውጭው ቢያቃጥልም የባሏን ወፍራም ጃኬት ለብሳ ነው የምትውለው።

ማዕከሉ የተከፈተ ቀን ታዲያ ጉድ ፈልቶ ነበር። ሳጥናችሁ ይገለበጣል ሲባሉ ገበሬዎቹ ተንጫጩ። «እንደ ሌባ ልንፈተሽ ነው?» ያለው አለ፤ ጋሪውን አዙሮ መንገድ የጀመረም አለ። ያን ጊዜ ከሰልፉ መካከል የገዛ አባቷ ወጡ። በአካባቢው ቃላቸው የሚሰማ፣ ድንች በመትከል ያረጁ ሰው ናቸው። ሳጥናቸውን ራሳቸው አንስተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «መጀመሪያ የእኔን ገልብጪ» አሏት። ገለበጠችው። ከላይም ከሥርም አንድ ዓይነት፣ አንድ ልክ የሆነ፣ ቆዳው ያልተላጠ ድንች ጠረጴዛውን ሞላው። ከዚያ ወዲያ እምቢ ያለ የለም።

የአባቷን ሳጥን ግን ከዚያ ወዲህ የገለበጠ የለም። «የእሳቸውን ማን ይገለብጣል? ነውር ነው» ተባለ። የሳቸው ድንች ጠረጴዛውን ሳያይ፣ ከሚዛን ቀጥታ ጆንያ ውስጥ ከሌላው ጋር ይቀየጣል። እሷም ዝም አለች፤ እንዲያውም ደስ አላት። አክብሮት ስንጀምር መቼ እንደምናቆም አናውቅም እኛ! ሁሉን ሳጥን የሚገለብጥ ሕግ አውጥተን ሕጉን ያስከበረልንን ሰው ብቻ ከሕጉ አውጥተን አስቀመጥነው።

ከማዕከሉ ደንበኞች ትልቁ ሆስፒታሉ ነው። የድንቹ ገበሬ ሁሉ ተስፋ የተንጠለጠለው እዚያ ወጥ ቤት ላይ ነው። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ቀጭን፣ ነጭ ጋዋኗን እስከ አንገቷ የምትቆልፍ ሴት ስትሆን፣ ጫኝና አውራጆቹ «መልሱት» ይሏታል፤ ከአፏ ቶሎ የሚወጣው ቃል እሱ ስለሆነ ነው። እሷ ናት ደውላ አካባቢውን ያመሰችው።

«ከጆንያችሁ አረንጓዴ ድንች ወጣ።»

«አይሆንም፣ እኛ እኮ እየገለበጥን…» አለች ገልባጭ።

«እህቴ፣ እጄ ላይ ነው ያለው። እኔ የምቀቅለው ለበሽተኛ ነው፤ ይሄን የበላ ሆዱን ሲያመው ሐኪሙ የሚጠራው እኔን ነው።»

ድንች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ተቆፍሮ ከወጣ በኋላ ብርሃን የመታው ድንች ቆዳው አረንጓዴ ያወጣል፣ ይመራል፣ ሆድ ይበጠብጣል። ሌላ ምልክት የለውም። አይለሰልስም፣ አይሸትም፣ አይጨማደድም። ገልባጭ ይቅርታ ጠየቀችና ሠራተኞቹን ሰብስባ ዓይናችሁን ክፈቱ አለች። በሚቀጥለው ጭነት ደግሞ ወጣ። በዚህ ጊዜ መልሱት አልጮኸችም፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል። «ለሚቀጥለው ጭነት ራሴ መጥቼ ቆሜ አስጭናለሁ። አንድ ሳጥን አረንጓዴ ካየሁ ከናንተ ጋር ጨረስኩ» ብላ ስልኩን ዘጋችው።

ወሬው እንደተሰማ ሁሉም ዓይኑን የጣለው አንድ ሰው ላይ ነበር፤ እንግዳው። ከሌላ አካባቢ መጥቶ መሬት ተከራይቶ የሚያርስ፣ ቀጥ ያለ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነው። ልጆቹ እዚሁ ትምህርት ቤት ገብተዋል፣ ሚስቱ እዚሁ ወልዳለች፤ እሱ ግን አሁንም እንግዳው ነው። ማዕከሉን በተቀላቀለ ሰሞን አንዴ ሳጥኑ ሲገለበጥ አረንጓዴ ወጥቶበት ያውቃል። ጋሪ አጥቶ ድንቹን ከነሳጥኑ ለቀናት ሜዳ ላይ ስላቆየው ነበር። ራሱ አፍሮ መለሰው፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተገኘበትም። ሰው ግን አልረሳለትም።

መጋዘኑ ውስጥ ባዶ ሳጥን ላይ ተቀምጠው ሲመክሩ የገልባጭ አባት እንዲናገሩ ተጠየቁ። ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ይሄ ሰውዬ ድንቹን እንደ ታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ ያሰጣል። በዓይኔ ያየሁት ነው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ሲያልቅ ጉዳዩም አልቆ ነበር፤ በጭነቱ ቀን መልሱት ፊት እንግዳው ከማዕከሉ ይሰናበታል፣ እሷም ጥፋተኛው መባረሩን አይታ ልቧ ያርፋል ተባለ።

ሰው ሲበተን እንግዳው ወደ ገልባጭ ቀረበ። «እትዬ፣ የኔን ድንች በገዛ እጅሽ ነው የምትገለብጪው። አረንጓዴ አይተሽበታል?»

«ከዚያች ከመጀመሪያዋ ወዲህ አላየሁም።»

«ታዲያ?»

ገልባጭ ጃኬቷን ሰብሰብ አድርጋ «እስቲ እንይ» አለችው፤ ይህ ደግሞ ሰው የሚለው ነገር ሲያጣ የሚለው ነው። እንግዳው ራሱን ነቀነቀና ሄደ።

የጭነቱ ቀን ዋዜማ ከሰዓት በኋላ አባቷን ልትጠይቅ ወጣች። እናቷ ባለፈው ክረምት ካረፈች ወዲህ አባቷ ብቻቸውን ናቸው፤ እኔ ዘንድ ና ብትላቸው «ድንቹን ማን ይጠብቀዋል?» ብለው እምቢ አሉ። ቤቱ ክፍት ነበር፣ እሳቸው የሉም። ጓሮ ካለችው የቆርቆሮ ጎተራ ድምፃቸውን ሰማች፤ ለራሳቸው እያንጎራጎሩ ነው።

በሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ንፋስ ገንጥሎ ወስዶታል። በቀዳዳው የገባው ፀሐይ የድንቹን ክምር ወገብ ለወገብ አቋርጦ ተኝቷል። አባቷ ከክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ድንች ይለያሉ። እጃቸው ይበርራል። አንዱን ያነሱና በአውራ ጣታቸው ዙሪያውን ይዳስሳሉ፤ የላላውን ወደ ግራ፣ የተሰነጠቀውን ወደ ኋላ፣ ደህናውን ሳጥን ውስጥ። አንድም ጊዜ ወደ እጃቸው አላዩም።

«አባዬ።»

«መጣሽ ልጄ? ነይ፣ ነይ ወዲህ። ይቺን እያት እስቲ፣ ምን ትመስላለች!» ብለው አንዷን ዘረጉላት፤ የዘረጉት እሷ ከቆመችበት ትንሽ ወደ ቀኝ ነው።

ድንቿ የእጅ መዳፍ የምትሞላ፣ ቆዳዋ እንደ ሕፃን ጉንጭ የለሰለሰ፣ አንድ ጭረት የሌላት ነበረች። ግማሽ ጎኗ አረንጓዴ ነው።

«ታምራለች» አለች ገልባጭ።

«የናትሽ ዘር ናት!» አሉና ሳቁ። «ትዝ ይልሻል? እኔ በእጄ እለያለሁ፣ እሷ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ በዓይኗ ትደግመዋለች። ‹ይቺን መልስ፣ ያቺን መልስ› ስትለኝ ጭቅጭቅ ነበር የሚመስለኝ።»

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ገባት። እናቷ ታውቅ ነበር። ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እንጃ፣ የባሏ ዓይን ሆና፣ ለልጇ እንኳ ሳትተነፍስ ሸፍናላቸው ኖራ ሞተች። አረንጓዴው ከሆስፒታሉ ጆንያ መውጣት የጀመረው ደግሞ እናቷ ካረፈች በኋላ ነው። እንዴት እስከ ዛሬ አላየሁም ብላ በራሷ ተናደደች። የሰውን ሳጥን ሁሉ ስትገለብጥ የአባቷን ፊት ልብ ብላ አይታ አታውቅም።

«አባዬ፣ የዚህ ሳምንት ቢቀርብህስ? ሞልቷል እኮ፣ ቦታም የለን» አለች፣ ድምጿን ቀለል ለማድረግ እየሞከረች።

አባቷ እጃቸውን አቆሙ። «ለእንግዳው ቦታ ኖሮ ለኔ ጠፋ?»

«እንደሱ ማለቴ አይደለም።»

«የጎረቤት ጋሪ ቀጥሬያለሁ። እመጣለሁ» አሉና ድንቻቸውን መለየት ቀጠሉ።

መንገዱ እንዴት እንዳለቀ አታውቀውም። መፍትሔው እንደሆነ እጇ ላይ ነበር፤ ያውም በጣም ቀላል። ቆርቆሮውን ታስመታለች። ማታ ማታ አባቷ ዘንድ እየሄደች እንደ እናቷ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ነገ የሚያመጡትን ደግሞ «ለሌላ ደንበኛ ነው» ብላ ወደ ቀዝቃዛው ክፍል ታስገባለች። አረንጓዴው ይጠፋል፣ ሆስፒታሉ ይረጋጋል፣ የአባቷ ስም እንደተከበረ ይኖራል። ማንም ምንም አያውቅም።

ብቻ እንግዳው በተባረረ ማግሥት ነው አረንጓዴው የሚጠፋው። «አላልንም? እሱ ነበር» ይባላል። እድሜ ልኩን፣ ልጆቹም ጭምር፣ ለበሽተኛ አረንጓዴ ድንች ያበሉ ሰዎች ሆነው ይቀራሉ። ማታ ባሏ ራት አቅርቦ «ምን ሆነሻል?» ሲላት «ምንም» አለችው። ያቺ «ምንም» ያለችው ነገር እስኪነጋ ጎኗን ስትወጋት አደረች።

በማግሥቱ ጠዋት የማዕከሉ በር ላይ ጋሪው፣ ሰዉና ሳጥኑ ተፋፍጓል። መልሱት ጋዋኗን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ እጆቿን አጣምራ ጠረጴዛው ራስጌ ቆማለች። የእንግዳው ተራ ሲደርስ ጫጫታው ጸጥ አለ። ገልባጭ ሳጥኑን ደፋችው። ንጹሕ ነው። ሁለተኛውን ደፋች። ንጹሕ ነው።

«ዛሬማ መርጦ ነው ያመጣው!» አለ አንዱ ከኋላ።

«በሉ ውሳኔው ይነገር!» አለ ሌላው። «ለሴትዮዋ ይነገራት፣ ጥፋተኛው እሱ ነው!»

እንግዳው ድንቹን አንድ በአንድ ወደ ሳጥኑ እየመለሰ ነበር። ቀና አላለም። ጆሮው ብቻ ቀልቷል።

መልሱት «ማነው ጥፋተኛው?» ብላ ወደ ገልባጭ ዞረች።

በዚህ መሐል ጋሪ መጣ። አባቷ ናቸው። ሰዉ መንገድ ለቀቀላቸው፣ ሁለት ሦስቱ ሮጠው ሳጥን አወረዱላቸው። እሳቸው አንድ እጃቸውን የጋሪው ጠርዝ ላይ አድርገው፣ ካባ የደረበ ሹም ይመስል ቀጥ ብለው ቆሙ። ሚዛነኛው እንደ ልማዱ ሳጥናቸውን መዘነና አፉ ወደ ተከፈተው ጆንያ አዘነበለው።

«ተወው» አለች ገልባጭ።

«ምን?»

«አትድፋው። ጠረጴዛው ላይ አድርገው።»

ሚዛነኛው፣ ለሁሉ ነገር ቀልድ የማያጣው ሰውዬ፣ ቀልድ አጣ። «የአባታችንን?» አለ በሹክሹክታ። ከሰልፉ «ኧረ ነውር ነው!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ገልባጭ ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ዛሬ ዝም ብትል ማንም እንደማይጠይቃት ታውቃለች፤ ያስፈራት ይኸው ነው።

«አባዬ» አለች። «ሳጥንህን ልገለብጠው ነው።»

አባቷ ፊታቸው አንዴ ጠቆረ። ቀጥሎ ግን ደረታቸውን ነፉና ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ «ገልብጪው!» አሉ። «መጀመሪያም የኔን ነው የገለበጥሽው። ገልብጪና ይዩት!»

ገለበጠችው።

ድንቹ ብረቱ ላይ እየተንከባለለ ተዘረገፈ። አንድ ልክ ነው፣ አንድ ጭረት የለበትም፤ ከግማሽ የሚበልጠው አረንጓዴ ነው። የተነፈሰ ሰው የለም። ሚዛነኛው እጁን አፉ ላይ ጫነ። አባቷ ግን ጠረጴዛው አጠገብ እንደ ቆሙ ፈገግ ብለዋል፤ አገጫቸውን ቀና አድርገው ሙገሳውን ይጠብቃሉ። ዝምታው ሲረዝምባቸው «እህ?» አሉ። «ምነው ዝም አላችሁ? እንዴት ነው?»

ያን ጊዜ ነው ሰዉ ሁሉ የገባው። አንዲት ሴት «ውይ በሞትኩት!» አለችና ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። ገልባጭ ትናንት የዋሸችው ቃል አፏ ላይ መጣ፤ አንዲት «ታምራለች» ብትበቃ ኖሮ እንዴት ትወድ ነበር። ወደ አባቷ ቀርባ እጃቸውን ያዘች።

«አረንጓዴ ነው አባዬ።»

«ምኑ?»

«ድንቹ። የጎተራው ጣሪያ ተገንጥሏል፣ ፀሐይ ገብቶበታል። ትናንትም አይቼው ነበር። ልነግርህ አልቻልኩም።»

አባቷ እጃቸውን ከእጇ አላቀቁና ጠረጴዛው ላይ ዳበሱ። አንዷን አነሱ፤ በአውራ ጣታቸው ዙሪያዋን ሄዱባት፤ ሌላ አነሱ። «ደህና ነው እኮ» አሉ ቀስ ብለው። «እጄ ላይ ደህና ነው።» ፈገግታው ከፊታቸው እየወረደ ሄደ። «ቀለሙን እናትሽ ነበረች የምታየው» አሉ በመጨረሻ።

መልሱት ጉሮሮዋን ጠረገች። ከወትሮው ዝግ ባለ ድምፅ «ይሄን አልወስድም» አለች። «ሌላውን ጫኑት። ከዛሬ ወዲያ ግን እዚህ ጠረጴዛ ላይ የማይገለበጥ ሳጥን ካለ አልመጣም።» ቀጥላም ፊቷን ወደ መኪናው አዙራ ጆንያ መቁጠር ጀመረች።

አባቷ ድንቿን እንደያዙ ቀና አሉ። «እንግዳው» ብለው ተጣሩ፤ ፊታቸውን ያዞሩት ወደ ሚዛኑ ነው። እንግዳው የቆመው በስተኋላቸው፣ ጆንያዎቹ ጋ ነበር። ሚዛነኛው ደንግጦ ከሚዛኑ ፈቀቅ አለ።

«ሰው ሁሉ ፊት በዓይኔ አየሁህ ብያለሁ» አሉ አባቷ ወደ ባዶው ሚዛን። «አላየሁህም። ካየሁ ቆየሁ። ይቅር በለኝ።»

ገልባጭ ልታዞራቸው እጇን አነሳች። እንግዳው ግን በዓይኑ ከለከላት። ጆንያዎቹን ዞሮ፣ የእግሩን ኮቴ ሳያሰማ መጣና ሚዛኑ አጠገብ፣ ልክ እሳቸው በሚያዩበት ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ነኝ አባባ» አላቸው።